የቅዱስ ቶማስ መስመር

ኦክቶበር 1

በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ፣ ለቪያሪካ ከተማ ሕዝብ፣ ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጠላትም ጭምር፦ ለረጅም ጊዜ በታማኝነት ሲያገለግሉን የቆዩ አሥራ አንድ ተንኮሎች ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በድንገት ከዚህ ዓለም መለየታቸውን እናሳውቃለን። ሥርዓተ ቀብራቸው በገዳያቸው በሊብራዳ፣ ማለትም በእኔ፣ በኪቦርድ ተፈጽሟል። ለቅሶ ልድረስ የሚል ማንጎው ዛፍ ሥር ያገኘኛል። አበባ አልቀበልም፤ ትኩስ የአይብ ዳቦ፣ ቺፓ፣ ግን አልመልስም።

በጽሑፍ ፕሮግራማችን ውስጥ ከሸጎጥኳቸው ሟቾች ጥቂቱን ልጥቀስ። የሥራ ባልደረባዬ ኤቤር ስሙን በጻፈ ቁጥር ከፊቱ «ዶክተር» የምትለጥፈው። ቅዳሜ ከሰዓት ገጹን በአፍጢሙ የምትደፋው። ስክሪኑ ላይ የምትጽፍበትን ቦታ የምታሳየው ጠቋሚ ሦስቴ ብልጭ ብላ እንቅልፍ እንዲወስዳት የምታደርገው፤ ይችኛዋን እንደ ልጄ ነበር የምወዳት። የቀሩትን ለክብራቸው ስል አልዘረዝርም።

ለምን ገደልኳቸው? ዛሬ አያ ኦክቶበር የሚመጣበት ቀን ነዋ። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አለንጋውን ይዞ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ድስት ያያል። ድስቱ ጎድሎ ያገኘው ቤት ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚዘልቅ ችጋር ጥሎ ይሄዳል። ኛ ሴፌሪና («ኛ» በእኛ አገር እመት እንደማለት ነው) በቆሎውንና ባቄላውን በትልቁ ድስት እስከ አፉ ሞልተው ቀቀሉና ማማሰያውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «የእኔ ድስት ሙሉ ነው። በዚህ ቤት የጎደለው ያንቺ ጭንቅላት ብቻ ነው። አያ ኦክቶበር በእሱ በኩል እንዳይገባብን!» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ገብቼ አሥራ አንዱንም ጨረስኳቸው።

ሥራዬ መስበር ነው። ሦስቱ ይሠራሉ፣ እኔ እሰብራለሁ፤ የሚሰበር ነገር ካለ ከሰው በፊት እኔ ላግኘው ተብዬ ነው የተቀጠርኩት። ኛ ሴፌሪናና ወንድማቸው ዶን ፖርፊሪዮ፣ ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ቴክኒሻን ናቸው እሳቸው፣ በድሮ የመኪና ማደሪያቸው ውስጥ ሙአን ፈጠሩ። ኤቤር ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ መጥቶ ተጨመረ። ሙአ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ናት፤ የገጠር መምህራን እጅ ላይ ባሉት ያረጁ ኮምፒውተሮች ሳታቃስት የምትሠራ። ስሟ ጨለማ ውስጥ ብልጭ ድርግም ከምትለው ትል የተወሰደ ነው፤ ጠቋሚዋ እንደዚያ ስለምትል።

የሦስት ወር ሙከራዬ ኦክቶበር 31 ያልቃል። በዚያው ቀን መምህራኑ ሙአን ሊያዩ ይመጣሉ። እሷን ከወደዷት ይወስዷታል። እኔን ከወደዱኝ እቆያለሁ። ከእኛ ውስጥ የበለጠ ቆንጆዋ ማን እንደሆነች ግልጽ ስለሆነ አልፈራሁም።

ኦክቶበር 2

በችኮላ። የቃሉ ሳጥን አብዷል። መጻፍ ስትጀምር ከቃልህ ሥር ብቅ ብሎ «ይህን ለማለት ነው?» የሚልህ ትንሹ ሳጥን። ዛሬ ከሥር አልወጣም። ቃሉ ላይ ተቀመጠበት፤ እንቁላሏን እንደታቀፈች ዶሮ። የምትጽፈውን አታየውም።

ቤቱ በአንድ ድምፅ፦ «ሊብራዳ!»

እኔ አይደለሁም።

ኦክቶበር 3

ሁሉም ለምሳ እንቅልፍ ጋደም ሲሉ ነው የምጽፈው። በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮህም። አልፎ አልፎ ያልበሰለ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ኤቤር ከነእንቅልፉ «ሊብራዳ፣ ተይ!» ይላል። ማንጎውም የኔ ሆነ።

ጠዋት በአንድ ዋንጫ እየተቀባበልን በምንጠጣው ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ፣ በቴሬሬ፣ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። ዶን ፖርፊሪዮ እንደ ሁልጊዜው በረዶ የገባበትን ውሃ ከዋንጫው ቅጠል ላይ አፍስሰው ዋንጫውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። የመጀመሪያው የቅዱስ ቶማስ ነው፤ ማንም አይነካውም። ቅጠሉ ውሃውን ሲመጠው ቅዱሱ ጠጣ ይባላል። ከዚያ ሁለተኛውን ቀድተው ለኤቤር ሰጡት።

«አንድ» አሉ ዶን ፖርፊሪዮ።

«ሁለት» አሉ ኛ ሴፌሪና፣ ካሳቫቸውን ከመላጥ ቀና ሳይሉ።

«ቅዱሱ አይቆጠርም፣ ሴፌ። እሱ ዜሮ ነው።»

«የተቀዳ ተቀድቷል፣ የተጠጣ ተጠጥቷል። ቅዱስ ቶማስን ዜሮ ያለ አፍ፣ ኋላ ደጁ ላይ ቆሞ ክፈቱልኝ ሊል ነው?»

«ደጁ ላይ ጴጥሮስ ነው ያለው።»

«እሱም ይሰማል!»

ሁለቱ ይህን የጀመሩት ጥርስ ሳያበቅሉ ነው ይባላል። እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነው፤ ማንም አይሰማውም።

እኔን ግን ሰሙኝ። «እኔ አይደለሁም» ስል ኤቤር ዋንጫውን መለሰና፣ «ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ከመጣ፣ ማን ነካው ብሎ መጠየቅ ነው። የነካሽው አለ?» አለኝ።

«ቀልዶቼን አነሳሁ። ንስሐ ገባሁ!»

«አንቺ ንስሐ ገብተሽ፣ እኛ ቅጣቱን?»

ጥሩ መልስ ነበር። እኔ ብሆንም የምለው እሱን ነበር። አሁንም ይቆጨኛል።

ኦክቶበር 6

የሰሜን ነፋስ ከንጋት ጀምሮ ይነፍሳል። እሱ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጨጓራው ይቃጠላል፤ ዋና ነገር አይወሰንም። ኛ ሴፌሪና ግን ወሰኑ።

«ሊብራዳ፣ ነይ ወዲህ። ቁጭ በይ። አትሳቂ።»

«አልሳቅኩም፣ ኛ ሴፌሪና።»

«ዓይንሽ እየሳቀ ነው።»

«እሱ ሲፈጠርም እንዲሁ ነው።»

«ስሚኝ። መምህራኑ ፊት ሳጥኑ እንዲህ ቢወጣ፣ ያን ቀን ሙአም አንቺም ከዚህ ግቢ ትወጣላችሁ። ዓመል ያወጣል ከመሀል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ቅዳሜ ገጹን የደፋው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ጠቋሚዋን ያስተኛትስ?»

«እኔ።»

«ይሄስ?»

«ይሄ እኔ አይደለሁም።»

ድምፄን ስሰማው እኔን ራሴንም አላሳመነኝም።

በምሳ እንቅልፍ ሰዓት ከመስኮቱ ሥር ሆኜ (በአጋጣሚ፣ ለሃያ ደቂቃ) የሰማሁት፦

«ልጅቷ እኮ አእምሮዋ እሳት ነው» ዶን ፖርፊሪዮ።

«እሳት ቤትም ያቃጥላል፣ ፖርፊ። ከትምህርት ቤቱስ ለምን አባረሯት?»

ቴክኒክ ትምህርት ቤቱን በሁለተኛው ዓመት የለቀቅኩት በራሴ ፈቃድ ነው። ይህ ይመዝገብ።

ኦክቶበር 8

ዛሬ ዋንጫው ዘለለኝ። ከኤቤር ወደ ኛ ሴፌሪና፣ ከኛ ሴፌሪና ቀጥ ብሎ ወደ ዶን ፖርፊሪዮ ተመለሰ። እኔ መሀላቸው ነኝ። እጄን ዘርግቼ ነበር። ፀጉሬን እንዳስተካከልኩ አስመሰልኩ።

ደግሞ ጮክ ብዬ «አመሰግናለሁ!» አልኩ። እኛ ዘንድ ቴሬሬ ላይ የሚያመሰግን የበቃው ሰው ነው። በቃኝ ለማለት ነው እንጂ ማንም አልዘለለኝም።

አልጠማኝም ነበር።

ኦክቶበር 9

ሙአን ዛሬ ሰባ ሁለት ጊዜ ሰበርኳት። በሰባ ሁለት ዓይነት መንገድ። እንዲህ መስበር የሚችል ሰው በመላው ጓይራ አውራጃ ካለ ይምጣ። ሳጥኑ ሰባ ሁለቱንም ጊዜ ቃሉ ላይ ተቀመጠ። ሁሌ አንድ መስመር ነው የሚስተው። ሁለት ሆኖ አያውቅም።

ይህች ከተማ ራሷ ሰባት ጊዜ ቦታ ቀይራ ነው እዚህ ያረፈችው። ሰባት ጊዜ! አንድ ሳጥን አንድ መስመር ቢስት ምን ይገርማል? ይህን ለኤቤር ነገርኩት። አልሳቀም።

ኦክቶበር 11

«የቀሩትን ለክብራቸው ስል አልዘረዝርም» ብዬ ነበር። እሺ። አሥራ አንደኛዋን ልናዘዝ፤ ለደብተር እንጂ ለሰው አይደለም።

ፈንክሽን የሚባል ነገር እንደ ጎረቤት ነው፤ ትጠይቀዋለህ፣ ይመልስልሃል፤ እንዴት እንዳወቀ አትጠይቀውም። ሙአ ውስጥ ሁለት አሉ። አንዱን ዶን ፖርፊሪዮ ጽፈውታል፤ «የት ናት?» ስትለው ጠቋሚዋ ስክሪኑ ላይ ስንተኛው መስመር እንዳለች በቁጥር ይነግርሃል። ሌላውን ኛ ሴፌሪና ጽፈውታል፤ «እዚህ አኑር» ብለህ ቁጥር ስትሰጠው ዕቃህን እዚያ መስመር ላይ ያስቀምጥልሃል። ኤቤር ሳጥኑን የሠራው በሁለቱ ነው። የመጀመሪያውን የት ናት ይለዋል። ሳጥኑ ከቃሉ ሥር መሆን ስላለበት አንድ ይደምራል። የደመረውን ለሁለተኛው ይሰጣል። አለቀ።

ሴፕቴምበር ላይ፣ ኤቤር ሳጥኑን ሊጀምር ሲል፣ ቀድሜው ገባሁና «እዚህ አኑር» ውስጥ አንዲት «ደምር አንድ» ሸጎጥኩ። ያኔ በዚያ ፈንክሽን የሚጠቀም ሌላ አልነበረም። ሳጥኑ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ይወድቅበታል፣ እሱም ፀጉሩን ይነጫል ብዬ ማንጎው ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። ኤቤር ሳጥኑን ከፈተ። ልክ ከቃሉ ሥር! «በመጀመሪያው ሙከራ!» ብሎ ጨፈረ፤ ሳምንት ሙሉ ስለ ራሱ አወራ።

የተሸወድኩት እኔ ነኝ። ግማሽ የተማረ ሰው ተንኮሉም ግማሽ ነው ብዬ አፍሬ ዝም አልኩ። ኦክቶበር 1 ከሌሎቹ ጋር ጠርጌ ጣልኳት፣ በማግስቱ ሳጥኑ አበደ።

ያልሠራች ተንኮል ብትነሳ፣ የሚሠራ ነገር ለምን ይበላሻል? ይህን ለእነሱ ብናገር የሚሰሙት «ነክቼዋለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። አልናገርም።

ኦክቶበር 13

መልሼ ሸጎጥኳት። ማንም አላየኝም። ሳጥኑ እንደ ሙሽራ ረጋ ብሎ ከቃሉ ሥር ወጣ።

«አየሽ?» አለ ኤቤር። «ተንኮልሽን ማንሳት ትችዪ ነበር።»

«ሰው ልትሆኚ ነው» አሉ ኛ ሴፌሪና፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው።

ዋንጫው ወደ እኔ መጣ። ጠጣሁ። ይቅር ብለውኛል፣ ላልሠራሁት ነገር። ቅጠሉ ዛሬ መረረኝ፤ ዶን ፖርፊሪዮ አብዝተውት ይሆናል።

ኦክቶበር 15

አዲስ ጉድ። ኛ ሴፌሪና ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ጨርሰዋል፦ ቃል ስትፈልግ የተገኘው ላይ ቢጫ ቀለም ይቀባልሃል። የዚያን ሳምንት ማክሰኞ ልክ ነበር። ዛሬ ቢጫው ከተገኘው ቃል በታች ባለው መስመር ላይ ነው የሚወድቀው። እሳቸውም ቀለሙን የሚያኖሩት በራሳቸው «እዚህ አኑር» ነው።

ማክሰኞ የኔዋ «አንድ» አልነበረችም። ዛሬ አለች። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ኦክቶበር 16

ሳጥኑ ሲቃና ቢጫው ይጣመማል። ቢጫው ሲቃና ሳጥኑ። ሁለቱን አንድ ላይ ማቃናት አልቻልኩም።

ኤቤር፦ «መምህራኑ እስኪሄዱ ቢጫውን እናጥፋው። ማን ያውቃል?» ብልህ ነው። እውነትም ማንም አያውቅም። አሥራ አምስት ቀን ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እኔ ዝም ማለት እችላለሁ። ትልቅ ችሎታ አለኝ።

ኛ ሴፌሪና ግን አላጠፉትም። መነጽራቸውን በመነጽር ላይ ደርበው የራሳቸውን ጽሑፍ ከትናንት ጀምሮ መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ስህተት የለበትማ፣ ምን ያገኛሉ? ለምሳ ሲጠሯቸው፣ «ብሉ፣ ብሉ። እጄ ከድቶኛል፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ» አሉ። ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን።

ኦክቶበር 17

አበላሸሁት። ወይም አቃናሁት፤ ገና አላወቅኩም።

ጠዋት ሁሉም ባሉበት የኛ ሴፌሪና ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። «ኛ ሴፌሪና፣ ቢጫው የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ይዩ» አልኩና «አንድ»ዋን አነሳኋት። ቢጫው ተቃና። ሳጥኑ ቃሉ ላይ ቂብ አለ።

ቆርቆሮው ላይ ማንጎ ወደቀ። ማንም «ሊብራዳ» አላለም፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ስለዚህ» አለ ኤቤር፣ «በእጅሽ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ።»

«አዎ፣ ግን እኔ አይደለሁም! አንድዋ የኔ ናት፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም!»

«ይህን ለዳኛ ብትነግሪው ሁለቴ ነው የሚያስርሽ።»

ኛ ሴፌሪና አልተቆጡም። መነጽራቸውን አንድ በአንድ አውልቀው አጣጠፏቸው። «ሁለት ቀን ሙሉ» አሉ፣ «ዓይኔ ጠፋ ብዬ።» ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

ዶን ፖርፊሪዮ ብቻ ቀሩ። «ያንቺ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ካልሆነ አሳዪኝ። እኔ በሬዲዮ ዘመኔ አምናለሁ የሚል ቴክኒሻን አላየሁም። የሚያሳይ ነው ያየሁት።»

አሁን ሁሉም ተኝተዋል፤ ልጻፈው። ትምህርት ቤት እያለሁ ደወሉን አምስት ደቂቃ የማስቀድመው እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። አንድ ቀን የደወሉ ሽቦ ተቃጠለና የሥራ ክፍሉ በጭስ ተሞላ። እኔ ያን ቀን አጠገቡ አልደረስኩም። ኃላፊው «ማን ነው?» ሲል ግን ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ መሳቅ ጀመረ። እኔም እንደ መድረክ ተዋናይ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ጭብጨባው ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ «ቀልዴን ነው» ስል የሰማኝ አልነበረም።

በራሴ ፈቃድ ማለቴ እሱ ነው።

ኦክቶበር 20

ዋንጫው አይመጣም። አላመሰገንኩም። ዝም ብዬ ማንጎው ግንድ ሥር ለብቻዬ ተቀምጫለሁ።

ሁለቱን ጎረቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። እርሳስ፣ ወረቀት። ጠቋሚዋን አወርዳለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ።

ኦክቶበር 21

ስክሪኑ አናት ላይ ያለው መስመር የፋይሉ ስም የሚጻፍበት ነው። ማንም እዚያ አይጽፍም፣ አይቻልም። እኔ ግን ሰባሪ ነኝ። ሰብሬ ገባሁ። ጠቋሚዋን እዚያ አናት ላይ አቆምኳት።

የዶን ፖርፊሪዮን፦ የት ናት? ዜሮ።

ለኛ ሴፌሪና፦ ዜሮ ላይ አኑር። የትም አላኖረም። አንድ ላይ አኑር። አናት ላይ አኖረ።

ሦስቴ ደገምኩ። አንዱ አናቱን ዜሮ ይላል፣ ሌላው አንድ ይላል። ማናቸውም አልተሳሳቱም። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ግን አልገባኝም፤ ሁለቱም አንድ ቤት ያደጉ፣ ከአንድ ድስት የበሉ ናቸው።

ኦክቶበር 22

ገባኝ! ገባኝ! ገባኝ! ቪያሪካ ሆይ፣ ሐውልት የሚሆን ድንጋይ ፈልጊ!

ግንዱ ሥር ተቀምጬ ነበር። ዶን ፖርፊሪዮ የመጀመሪያውን ለቅዱሱ አፈሰሱ። ማንም አልነካውም። ማንም የማይነካው! ከዚያ ለኤቤር ቀዱ።

«አንድ።»

«ሁለት!» ከካሳቫው ጀርባ።

ተነስቼ መሀላቸው ገባሁ። «ዶን ፖርፊሪዮ፣ ይቅርታ፣ ኤቤር ስንተኛው ነው የጠጣው?»

«አንደኛው። ቅዱሱ ዜሮ ነው።»

«ኛ ሴፌሪና፣ እርስዎ ዘንድስ?»

«ሁለተኛው። የሚታይ ነገር ምን ያስጠይቃል? ቅዱሱ አንድ፣ እሱ ሁለት።»

«የስክሪኑ አናት፣ የፋይሉ ስም ያለበት፣ ማንም የማይጽፍበት መስመር፣ የማነው?»

ዶን ፖርፊሪዮ የውሃውን ማሰሮ እንደያዙ ቆሙ። «እንዴ» አሉ። «የቅዱስ ቶማስ ነዋ። ስጽፈው እንደዚያ ብዬ ነው የጻፍኩት። ዜሮ።»

«እኔም የቅዱስ ቶማስ ብዬ ነው የጻፍኩት» አሉ ኛ ሴፌሪና፣ ቢላውን እያስቀመጡ። «አንድ።»

ወደ ኤቤር ዞርኩ። «አንተስ ቁጥሩን ከማን ተቀብለህ ለማን ሰጠህ?»

ከአፉ መምጠጫውን አላወጣም። ዓይኑ ግን ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላዋ ሲሄድ፣ ሲመለስ አየሁት። «ከእሳቸው ተቀብዬ…» አለ፣ «ለእሳቸው።»

«በመሀል አንድ ጎደለብህ። በሴፕቴምበር የሞላሁልህ እኔ ነበርኩ፤ ልጎዳህ አስቤ። ያ በመጀመሪያው ሙከራ ፍጹም የሆነው ሥራህ በተንኮሌ ነው የቆመው፣ ዶክተር።»

ዶን ፖርፊሪዮ የሳቁት ሳቅ መንገድ ላይ ተሰማ። ኛ ሴፌሪና አልሳቁም። «ቁጭ በይ» አሉ። ግንዱን አላሳዩኝም። ወንበሩን ነው ያሳዩኝ።

ኦክቶበር 24

ጣጣው አላለቀም። ሁለቱ አንዳቸውም ቁጥራቸውን አይቀይሩም። ሰባት ቀን ቀርቶናል፣ እነሱ በቅዱስ ቶማስ ላይ ናቸው።

«አንድ በል፣ ፖርፊ፣ ይለቅልን።»

«እናታችን ራሷ ዜሮ ነበር የምትለው።»

«እናታችን? እናታችን መቁጠር የት ታውቅና!»

«ዜሮ ለማለት መቁጠር አያስፈልግም!»

ኤቤር ሁለቱ ፈንክሽኖች የሚጠየቁበት ቦታ ሁሉ ተመርምሮ ይቀየር ቢባል ወር ይፈጃል አለ። መቶ አርባ ቦታ ነው። አብረን ቆጠርናቸው፤ እሱ ከዜሮ ጀመረ፣ እኔ ከአንድ። ተያይተን ሳቅን።

ኦክቶበር 26

በችኮላ፣ ግን ይህ ለታሪክ ነው። አስታራቂ ጻፍኩ። በሁለቱ መሀል የሚቆም ሦስተኛ ፈንክሽን፤ ከዶን ፖርፊሪዮ ቁጥር ይቀበላል፣ ለኛ ሴፌሪና በሚገባቸው ቁጥር ያስረክባል። ሁለቱም አይነኩም፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። አካሉ አንድ መስመር ነው፦ ደምር አንድ። ያችው የኔዋ! በመስኮት ሾልካ የገባችው አሁን በበር ገባች።

ስሙን «ቅዱስ ቶማስ» አልኩት። ኤቤር የሳጥኑን ሥራ በእሱ በኩል አዞረው፣ እኔ ሰማንያ አንድ ጊዜ ልሰብረው ሞከርኩ። ሳጥኑም ቢጫውም በየቦታቸው ቆሙ።

በሙአ ውስጥ በስሜ የተጻፈ የመጀመሪያው ቀልድ ያልሆነ መስመር ነው። አሥር ጊዜ ከፍቼ አየሁት። አሁን አሥራ አንደኛው ላይ ነኝ።

ኦክቶበር 31

አያ ኦክቶበር ዛሬ ከአገር ይወጣል። ድስታችን ሙሉ ነበር።

መምህራኑ አሥራ ዘጠኝ ሆነው መጡ። አንዲት የሸበተች መምህርት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠችና በሁለት ጣት በጓራኒ ቋንቋ መጻፍ ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሳጥኑን ጠበቅኩ። ሳጥኑ ከቃሏ ሥር ወጣ። መረጠች። ቀጠለች። ሌላ ቃል። ሳጥኑ ከሥር። ቀጠለች። አንዴም ቀና አላለችም! ሁለት ገጽ ጻፈች፣ ሳጥኑ የት እንደሚወጣ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ማንም የማያየው።

ሲጨርሱ ለሁሉም ትምህርት ቤቶቻቸው እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ዶን ፖርፊሪዮ ፊታቸውን ወደ ማንጎው አዞሩ፤ አቧራ ገባብኝ አሉ።

ስለ ሙከራዬ ማንም ምንም አላለም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጆንያዬን አንግቼ በር ላይ ቆምኩ፤ እንዲሁ፣ ነፋስ ልቀበል።

«የት ነው?» አሉ ኛ ሴፌሪና።

«ቤት።»

«ነገ በረዶውን የምታመጪው አንቺ ነሽ። ኤቤር ያመጣው ሁሌ ቀልጦ ነው የሚደርሰው። አሁን ደግሞ ግቢ፣ ዋንጫው አንቺን ጠብቆ ቆሟል።»

ገባሁ። ዶን ፖርፊሪዮ ማሰሮውን ለእኔ ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ለቅዱሱ አፈሰስኩ፣ ቅጠሉ እስኪመጠው ጠበቅኩ፣ ከዚያ ለኛ ሴፌሪና ቀዳሁ። ግራና ቀኝ «አንድ»፣ «ሁለት» ሲሉ እኔ ምንም አላልኩም። አስታራቂ ነኝ።

እንግዲህ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ለቪያሪካ ሕዝብ ያወጅኩት ሐዘን፣ መከራና ታሪክ ሁሉ፣ ተመርምሮ ሲታይ፣ ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቁጥር። ማንም የማይጽፍበት መስመር ላይ የጎደለች አንድ። ይህን ያህል ቀለም አይፈጅም ነበር።

ዛሬ በዶን ፖርፊሪዮ አቆጣጠር ስድስተኛውን፣ በኛ ሴፌሪና ሰባተኛውን ጠጣሁ። አላመሰገንኩም።